ቀበሌውን ማን መረጠው?

«የዘንድሮ ወጣት ምርጫ ግድ አይሰጠውም።» ይቺን ዓረፍተ ነገር በቴሌቪዥን ውይይት ሰምቻታለሁ፤ በሥልጠና አዳራሽ ሰምቻታለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ከተቀመጡ አባትም ሰምቻታለሁ። ከኋላዋ የሚከተለውም ያው ነው፦ ቲክቶክ፣ ጫት፣ የኳስ ቁማር፣ ስደት። ከዚያ መፍትሔው ይመጣል። ለወጣቱ የመራጮች ትምህርት ይሰጠዋል፣ ቲሸርት ይታተምለታል፣ ኮፍያ ይታደለዋል፣ ሻይ ቡና ይባላል፣ አበል ተፈርሞ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኔ አምቦ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ይህን የሚለኝን ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቀዋለሁ፤ ከአዲስ አበባ ተነስተህ የወለጋን መንገድ ይዘህ ታውቃለህ? ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ኦሎንኮሚን አልፈህ ጊንጪ ትደርሳለህ፤ ከጊንጪ አምቦ፣ ከአምቦ ጉደር፣ ከጉደር ጌዶ። ግድ የለውም የሚባለው ወጣት የእነዚህ ከተሞች ልጅም ነው።

በሚያዝያ 2006 የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ወሬ ሲሰማ አምቦ ላይ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወጡ። ጥይት ተተኮሰ፤ ሰው ሞተ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008፣ ጊንጪ ላይ በኳስ ሜዳና በጪልሞ ደን የተነሣ ተማሪዎች ድምፃቸውን አሰሙ። ነገሩ ከጊንጪ ወጥቶ ኦሮሚያን በሙሉ አዳረሰ። ጥር 2008 ላይ ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ፤ የካቲት 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2010፣ አምቦ መጥተው ለሕዝቡ ንግግር አደረጉ። ለምን አምቦ? ለምን እንደሆነ እሳቸውም ያውቁታል፣ እኛም እናውቀዋለን።

ፖለቲካ ግድ ያልሰጠው ትውልድ ይህን አያደርግም። ስለዚህ ጥያቄውን አስተካክለን እንጠይቀው። ክላሽ ፊት የቆመ ልጅ የምዝገባ ጠረጴዛ ፊት መቆም ለምን አቃተው?

መልሴ አጭር ነው። ወደዚያ ጠረጴዛ የሚወስደው መንገድ በቀበሌ በኩል ስለሚያልፍ ነው።

በሕጉ እንጀምር። የ2011ዱ የምርጫ አዋጅ፣ ቁጥር 1162፣ ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆንን፣ 18 ዓመት መሙላትንና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። በወረቀት ላይ መልካም ነው። መዝጋቢዎቹም የቀበሌ ሰዎች አይደሉም፤ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የቀጠራቸው ናቸው። ይህን ማለት ተገቢ ነው፤ ቦርዱን ከቀበሌ ጋር አንድ ላይ መስፋት ነገሩን ማበላሸት ነው። ግን መዝጋቢው «መታወቂያህን አሳየኝ» ሲልህ መታወቂያው ከየት ነው የሚመጣው? ስድስት ወር መኖርህንስ ማን ነው የሚያውቅልህ? በኦሮምኛ መታወቂያን «ዋራቃ ኤኙማ» እንላለን፤ የማንነት ወረቀት እንደማለት። ማንነትህ እንግዲህ የሚገኘው አንድ ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ መሳቢያ፣ ከአንድ ማኅተም ሥር ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። በ2013 ኅዳር መጨረሻ ላይ ሥራ አግኝቼ አዲስ አበባ ገባሁ። ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ጥሩ ሴት ናቸው፤ ውል የሚባል ነገር ግን አይወዱም፤ ውል ግብር ይወልዳል። ያለ ውል ነዋሪነትህን የሚመዘግብልህ የለም። መታወቂያ ልጠይቅ ስሄድ «ከመጣህበት መሸኛ አምጣ» ተባልኩ። አንድ ቀን ከሥራ አስፈቅጄ አምቦ ሄድኩ። የቀበሌው ቁጥር ይቅር። ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። በሳምንቱ ተመለስኩ፤ ፋይልህ በአባትህ ቤት ቁጥር ስለሆነ አባትህ ቀርበው ይፈርሙ። አባቴ በዚያ ሰሞን ጌዶ ነበሩ። በሦስተኛው ጉዞዬ መሸኛው ተጻፈ፤ ያኔ የመራጮች ምዝገባ ተጀምሯል። ሁዳዴ ነበር፣ ረመዳንም ገብቷል፣ ሰዉ ሁሉ ፊቱ ጠቁሯል። አዲስ አበባ ላይ ስድስት ወር አልሞላኝም፤ አምቦ ላይ ደግሞ መሸኛ ስለወሰድኩ ከመዝገብ ወጥቻለሁ። በሁለት የምርጫ ክልል መካከል፣ ምናልባት ኦሎንኮሚ አካባቢ፣ አየር ላይ ነበርኩ።

ይህ የእኔ ብቻ ቢሆን ለጓደኛ በቡና ላይ የሚወራ ቀልድ ነበር። ግን የምዕራብ ሸዋን ወጣት ኑሮ አስቡት። ጎጆ ከተማ የተማረ ልጅ አምቦ ኮሌጅ ይገባል፤ ሲጨርስ ሆለታ አበባ እርሻ፣ ወይ ቡራዩ ፋብሪካ፣ ወይ አዲስ አበባ ግንባታ ላይ ይውላል። ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል። ከጊንዴበረትና ከጀልዱ ወጥተው በአዲስ አበባ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን አሉ፤ እዚያው ስለሚያድሩ በጎረቤት ዘንድ እንኳ በስማቸው አይታወቁም፤ መታወቂያቸው በአሠሪ ወይ በደላላ እጅ የሆነ ጥቂት አይደሉም። ሕጉ ሰው አንድ ቦታ ተተክሎ የሚኖር ዛፍ አድርጎ ነው የሚያየው። ወጣት ደግሞ በተፈጥሮው መንገደኛ ነው። ተማሪዎች በግቢያቸው እንዲመርጡ ልዩ የምርጫ ጣቢያ የሚባል ነገር መፈቀዱ ጥሩ ነው፤ ግን ከግቢ የወጣው፣ ሥራ ፈላጊው፣ የቀን ሠራተኛው ልዩ ጣቢያ የለውም።

መታወቂያ የሌለው ሰው በአካባቢው በሚያውቁት ምስክሮች ሊመዘገብ እንደሚችል ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያወቅሁት ከምርጫው በኋላ አዋጁን ሳነብ ነው። ቲሸርቱ ላይ ይህን ቢጽፉት ምን ነበረበት?

ወረቀቱ ግን የችግሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ፍርሃት ነው፤ ስለዚህኛው በሥልጠና አዳራሽ ማንም አያወራም።

አምቦ ላይ «ስምህን ጻፍ» የሚለው ቃል ታሪክ አለው። በተቃውሞው ዓመታት ስም ዝርዝር ከየት ነበር የሚወጣው? የማን ልጅ ድንጋይ ወረወረ፣ የማን ቤት ተማሪ ያከራያል፣ ማን ከጊንጪ መጣ፣ ይህን የሚያውቀው ከሰፈር ውጭ ያለ ሰው አይደለም። መስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአገሪቱ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ። ብዙዎች ጦላይና ሌሎች ካምፖች ተወስደው «ተሐድሶ» ተሰጣቸው፤ ሲወጡ «አይደገምም» የሚል ቲሸርት ለብሰው ተመረቁ። (የዚህ አገር መንግሥት ለወጣት ሊነግረው የፈለገውን ሁሉ ለምን በቲሸርት እንደሚያደርገው አንድ ቀን አንድ ሰው ያጥናልኝ።) አሁን ያንን ልጅ፣ ስሙ አንድ ጊዜ ተጽፎ ምን እንደተከተለ የሚያውቀውን፣ «ቀበሌ ሄደህ የነዋሪነት ማስረጃ አውጣና ተመዝገብ» በሉት። ግድ የለሽ ነው ከማለታችሁ በፊት እናቱን ጠይቁ። «አርፈህ ተቀመጥ» ያለችው እሷ ናት።

እዚህ ላይ ነው ርዕሴ የሚመጣው። ይህን ሁሉ በር የያዘውን ቀበሌ ማን መረጠው? መልሱ የሚታወቅ ነው። በኢትዮጵያ የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነው። ያኔ ከ30 በላይ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ሜዳው የለም ብለው አልተሳተፉም፤ ኢሕአዴግ ሚሊዮኖቹን ወንበሮች ከእፍኝ የማይሞሉ ሲቀሩ በሙሉ ወሰደ። ቀጣዩ በ2010 መሆን ነበረበት፤ ተራዘመ፤ ከዚያ ወዲህ አልተደረገም። በሚያዝያ 2005 ገና 18 የሞላው ልጅ ዛሬ 30 አልፎታል። ከእሱ በታች ያለን ሁላችን፣ መታወቂያ፣ መሸኛ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የልደት ማስረጃ እየለመንን የምንሰለፍበትን ቢሮ አንድም ቀን መርጠን አናውቅም። ፓርላማውን ትመርጣለህ፤ ፓርላማው ሩቅ ነው። በየቀኑ ፊትህን የሚያየው ቀበሌ ግን አይመረጥም። ምርጫ ምን እንደሆነ ለወጣት ማስተማር የፈለገ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ማስተማር ይችል ነበር። ማኅተም የያዘው ሰውዬ ስብሰባ እየሄደ ቢያስቸግርህ በዓመቱ ታነሣዋለህ። ይህን አንድ ጊዜ የቀመሰ ልጅ ኮፍያ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ወረቀቱን አገኘህ፣ ፍርሃቱንም ዋጥከው እንበል። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ማን ነበረ? የምዕራብ ሸዋ ሽማግሌዎች 1997ን ያስታውሳሉ። ያኔ የፕሮፌሰር መረራ ጉዲና የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ በኅብረት ሥር ተወዳድሮ በዚህ አካባቢ ወንበር አግኝቷል፤ እሳቸውም ፓርላማ ገብተዋል። ሰው በሌሊት ተሰልፎ መረጠ፤ የመረጠውም ሰው ቢያንስ በከፊል ገባለት። ከዚያ 2002 መጣ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545 ወሰዱ። 2007 ላይ 547ቱንም። በዚያ ሒሳብ ያደገ ልጅ 2013 ላይ ደረሰ። ሰኔ 22 ቀን 2012 የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ አምቦ ተቀበረ። የተቃዋሚ መሪዎች ታሰሩ። ኦፌኮ ጽሕፈት ቤቶቼ ተዘጉ፣ አባሎቼ ታሰሩ ብሎ ከምርጫው ወጣ፤ ኦነግም ወጣ። በኦሮሚያ ብዙ የምርጫ ክልሎች ገዥው ፓርቲ ያለ ተፎካካሪ ቀረበ። አንድ ስም ያለበትን ወረቀት ይዘህ ምን ትመርጣለህ? ሻይ ቤት ገብተህ «ምን አላችሁ?» ስትል «ሻይ» ቢሉህ፣ ሻዩን መረጥኩ አይባልም፤ ጠጣሁ ነው የሚባለው።

እስከዚህ ድረስ ጓደኞቼ ያጨበጭቡልኛል። ከዚህ በኋላ ግን ከእነሱ ጋር ነው ጠቡ።

ምክንያቱም ከእኛው መካከል አንድ ቆንጆ አባባል ተፈጥሯል፤ «አለመመዝገብ የእኔ ድምፅ ነው።» በቴሌግራም ተጽፏል፣ በቡና ላይ ይባላል፣ አንድ የቅርብ ጓደኛዬ እንዲያውም በኩራት ነው የሚለው። ወንድሜ፣ ድምፅ አይደለም። ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

የምርጫ ተሳትፎ በመቶኛ ሲነገር የሚካፈለው ለማን ነው? ለተመዘገበ ሰው ነው። መምረጥ ለሚችል ዜጋ ሁሉ አይደለም። አንድ ከተማ ውስጥ 100 መምረጥ የሚችል ሰው አለ እንበል። 70ው ተመዘገበ፤ 65ቱ ድምፅ ሰጠ። በዜና የሚነገረው 65 በመቶ አይደለም። 65 ለ70 ሲካፈል 93 በመቶ ገደማ ነው። «ሕዝቡ በነቂስ ወጣ!» የቀሩት 30 ሰዎች የት ሄዱ? የትም። ከቁጥሩ በላይም የሉ፣ ከቁጥሩ በታችም የሉ። ተቃውሞ ነው ያሉት ነገር የመቶኛውን ፊት አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ አሳመረው።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ለ2013 ምርጫ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ መራጭ ይመዘገባል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ምዝገባው ሲጀመር ቀዝቃዛ ስለነበር ቦርዱ ጊዜውን አራዘመ፤ በመጨረሻ የተመዘገበው 37 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ትግራይ በጦርነት ውስጥ ስለነበረች አልመረጠችም፤ ሌሎች ቦታዎችም ላይ ምርጫው አልተደረገም ወይም ዘግይቷል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ የእኛ ቸልታ ነው አልልም። ግን በመጨረሻ የተሰማው ስንት ነው? ከተመዘገቡት ከ90 በመቶ በላይ። ከዚያም ብልጽግና ከ436 ወንበር 410 አገኘ ተባለ። ያልተመዘገበው ጓደኛዬ በዚያ 90 ውስጥ የለም፤ በቀረው 10 ውስጥም የለም። እሱ «ተቃወምኩ» ብሎ ሲተኛ የምርጫው ሪፖርት ስለ እሱ አንድ መስመር አልጻፈም።

ካርድ አውጥቶ ሳይመርጥ የቀረ ሰው ግን ይታያል፤ የመዝገቡ ስም አለ፣ ፊርማው የለም። ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በመንደራችን «ካርድ ያላወጣ ዘይትና ስኳር አያገኝም» እየተባለ ይወራ ነበር፤ ወሬው እውነት ይሁን አይሁን ሰዎች በፍርሃት እንደተመዘገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ምዝገባን የሚያምኑበት ቁጥሩ የሚፈልጋቸው ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ የማያምኑበት ቤታቸው ሲቀመጡ፣ መዝገቡ የአንድ ወገን ፎቶ ይሆናል።

ጎረቤታችን ኬንያን ተመልከቱ። ለእ.ኤ.አ. 2022 ምርጫ ከተመዘገቡት መራጮች ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ካለፈው ምርጫ ቀንሰው ነበር። እዚያም ወጣቱ ሰነፈ ተባለ። ሁለት ዓመት አልፎ፣ ሰኔ 2016 ላይ፣ ያው ሰነፍ የተባለ ትውልድ በፋይናንስ ሕጉ የተነሣ ናይሮቢ ፓርላማ ድረስ ገባ፤ ብዙ ልጆች ሞቱ፤ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ሳይፈርሙ መለሱት። ከዚያ በኋላ ወጣቶቹ እርስ በርስ «ተመዝገቡ» መባባል ጀመሩ። ጎዳናው ሕግ ያስቀራል፤ ሕጉን ያወጣው ሰው ግን ወንበሩ ላይ ነው። ይህን እኛም ከጊንጪ ጀምሮ እናውቀዋለን። ማስተር ፕላኑ ቀረ፤ ማኅተሙ ግን ያው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው።

«ፋይዳ ይፈታዋል» የሚሉኝ አሉ። ፋይዳ ጥሩ ነገር ነው፤ ባንክም ስልክም እየጠየቀው ስለሆነ ወጣቱ እየተሰለፈ እያወጣው ነው። ግን ፋይዳ ማን እንደሆንክ ነው የሚናገረው፤ የት ስድስት ወር እንደኖርክ አይናገርም። የነዋሪነት ጥያቄው በቀበሌ እጅ እስካለ ድረስ ስልክህ ላይ ያለው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ከመሸኛ አያድንህም። እኔ የምፈልገው ሕጉ ፋይዳ ያለው ሰው በምዝገባው ቀን እኖርበታለሁ ባለበት እንዲመዘገብ፣ በሁለት ቦታ እንዳይመዘገብ ደግሞ ሥርዓቱ እንዲጠብቀው ነው። ወረቀት ሳይሆን ኮምፒዩተር እንዲህ ላለ ሥራ ነው የተፈጠረው። ከዚያ የአካባቢ ምርጫው ይደረግ። ለፓርላማው ጣቢያ፣ ሳጥንና ቀለም የተገኘለት አገር ለቀበሌ የሚያጣበት ምክንያት የገንዘብ አይመስለኝም።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ጓደኛዬ ያው ጥያቄውን ይደግምልኛል። «እሺ፣ ተመዘገብኩ። ማንን ልምረጥ?»

ማንንም። የምትፈልገው ሰው ወረቀቱ ላይ ከሌለ ማንንም አትምረጥ። ነገር ግን ሂድ፤ አውራ ጣትህን ቀለም አስነካ፣ ወረቀቱን ተቀበል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ግባ፣ ምንም ሳታደርግበት አጥፈህ ሳጥኑ ውስጥ ክተተው። ማታ ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። እዚያ ወረቀት ላይ ከዕጩዎቹ ስም ሌላ «ዋጋ አልባ» የሚል ቦታ አለ፤ አጠገቡም ቁጥር ይጻፋል። አምቦ ላይ፣ ጉደር ላይ፣ ጊንጪ ላይ፣ በአንድ ጣቢያ ከተመዘገበው ሰው ግማሹ እዚያ መስመር ላይ ቢወርድ፣ የጣቢያው ኃላፊ ፈርሞበት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ እዚያው በር ላይ ያድራል።